በጎቼ ጨነገፉብኝ፣ እኔንም አተኮሰኝ

የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሟ መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእንስሳት ሐኪማችን። ቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶ የሮቢ ወንዝ ከመደቡ ወጣና ሜዳው ላይ ተኝቶ ከረመ። ቢምቢውም እንደ ጉድ ነው። በመስከረም ከእናት በጎቼ አራቱ ተከታትለው ጨነገፉብኝ። ሁሉም ሊወልዱ ጥቂት ሳምንት የቀራቸው ነበሩ። አንደኛዋ አልወጣላት ብሎ ስትጨነቅ በእጄ ስቤ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ፍየሎቹና ላሜ ደህና ናቸው፤ ቀደም ብለው የተወለዱት ግልገሎችም ይቦርቃሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ግን እኔኑ አተኮሰኝ። ይተወኛል፣ ደግሞ ይነሣብኛል፤ ወገቤንና መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል። ጤና ጣቢያ ብሄድ «ወባ የለብሽም» ተባልኩ። ጎረቤቴ ደግሞ «በቢምቢ የሚተላለፍ፣ በግ የሚያስጨነግፍ፣ ሰውም የሚገድል ቫይረስ አለ፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው? ሁልጊዜ አጎበር ውስጥ ነው የምተኛው፤ ታዲያ ቢምቢዋ የት አገኘችኝ? የቀሩትን በጎች ሰንበቴ ገበያ ወስጄ ልሽጣቸው? የላሜንስ ወተት ልጆቼ ይጠጡት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ትኩሳቱ ዛሬም ካልተወዎት ይህን መጽሔት ያስቀምጡትና ጤና ጣቢያ ይመለሱ። ሲሄዱ «አተኮሰኝ» ብለው ብቻ አይቀመጡ። «የጨነገፈች በግ በባዶ እጄ አዋልጃለሁ» ይበሉ። ይህን ካልነገሯቸው፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ትኩሳት መጀመሪያ ወባ፣ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ፣ ታይፎይድ ካልሆነ ታይፈስ እየተባለ ይቀጥላል። ሐኪሙ ላይ አልፈርድም፤ በጎቹን አላያቸውም።

ጎረቤትዎ የነገረዎት በሽታ በእርግጥ አለ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ይባላል። ቫይረሱ የታወቀው ኬንያ ውስጥ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በነበረ አንድ የበግ እርባታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 የደረሰው እልቂት ሲመረመር ነው። ከዚያ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው፤ በሽታውን ሊመረምሩ የሄዱት ሰዎች ራሳቸው ታመሙ። ሥራቸው የሞተ ግልገል ከፍቶ ጉበቱን አውጥቶ ማየት ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቢምቢዋ ምን ታደርጋለች? ኤዲስ የሚባሉት የቢምቢ ዓይነቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ቋሚ ኩሬ ውስጥ ሳይሆን ጎርፍ መጥቶ በሚሄድበት ረባዳ፣ በጨፌው ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው ሲደርቅ እንቁላሉ አይሞትም። አፈር ውስጥ እንደተቀበረ ዘር ዝናቡን እየጠበቀ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከእናቱ ቫይረሱን የወረሰ እንቁላልም በመካከሉ አለ። አንድ ዓመት ክረምቱ ከልኩ አልፎ ረባዳውን ሲያጥለቀልቀው ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈለፈላል። ከነቫይረሷ የተወለደችው ቢምቢ አጠገቧ ያገኘችውን በግ ወይም ላም ትነክሳለች። በእንስሳው ደም ውስጥ ቫይረሱ በጥቂት ቀን እጅግ ይበዛል። ከዚያ ውሃው ሲረጋ የሚፈሉት ሌሎች ቢምቢዎች፣ ኩሌክስ የሚባሉት በተለይ፣ ከታመመው እንስሳ እየመጠጡ ወደ ጤነኛው ያዛምቱታል። ትላልቆቹ ወረርሽኞች የዝናብ ተከታይ የሆኑት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98 ኬንያን፣ ሶማሊያንና ታንዛንያን የመታው ኤልኒኞ የሚባለው የአየር መዛባት ባመጣው ጎርፍ ማግሥት ነበር፤ በ2006 እና 2007ም እነዚያው አገሮች በተመሳሳይ መንገድ ተመቱ።

እንግዲህ በእርስዎ ሜዳ ላይ የተኛው ውሃና የፈላው ቢምቢ ጎረቤትዎን ቢያስደነግጠው አይገርምም። ከአጣዬ ወዲያ የጨፋ ረግረግ አለ፤ በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት እዚያ ይገናኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን በሽታ ረስቶ መተኛት የለበትም።

አሁን ወደ አጎበሩ ልመለስ። አጎበር የተሠራው የወባዋን ትንኝ ለመከላከል ነው፤ እሷ የምትናከሰው ሌሊት ነው። ኤዲስ ግን በቀንም፣ ይልቁንም በማለዳና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትናከሳለች። ያን ጊዜ እርስዎ ከበጎቹ ጋር ሜዳ ላይ ነዎት። ስለዚህ ረጅም እጅጌ መልበስ፣ ምሽት ላይ ከረግረጉ ዳር መራቅ ይጠቅማል። አጎበሩንም አይተዉት፤ ወባው የትም አልሄደም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ጉበት ሲያወጡ የታመሙትን እነዚያን መርማሪዎች ያስታውሱ። ይህ ቫይረስ ከበግ ወደ በግ የሚዛመተው በቢምቢ ነው፤ ወደ ሰው ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገረው በእጅ ነው። በማረድ፣ በመግፈፍ፣ በማዋለድ፣ ጭንጋፉን አንሥቶ በመጣል፤ ደሙና የምጡ ውሃ የተቧጨረ ቆዳ ሲያገኝ ወይም ዓይንና አፍ ላይ ሲረጭ። ከእናት ወደ ፅንስ ካልሆነ በቀር ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የታየበት ጊዜ የለም፤ ልጆችዎ ከእርስዎ ይይዛቸዋል ብለው አይስጉ። እርስዎ ስለ ቢምቢዋ አምስት መስመር ጽፈው ስለ እጅዎ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን ደብዳቤውን ሳነብ የቆምኩት እዚያች መስመር ላይ ነው።

ያም ሆኖ የእርስዎ በጎች የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የያዛቸው አይመስለኝም። በሩቅ ሆኖ መፍረድ ሐኪም አያሰኝም፤ የደም ምርመራ ይቅደም። ግን ምክንያቴን ልንገርዎ። ያ በሽታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያልቁት ግልገሎች ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ዕድሜያቸው ከተያዙት ከ100 ከ90 በላይ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ። የእርስዎ ግልገሎች ይቦርቃሉ። ደግሞም ያ በሽታ ወር አይመርጥም፤ የሁለት ወሯንም የአራት ወሯንም እርጉዝ በአንድ ላይ ያስጨነግፋቸዋል፤ ከተያዙት እርጉዞች የሚተርፍ ፅንስ የለም ማለት ይቻላል። የእርስዎዎቹ ሁሉም መውለጃቸው ሲቃረብ ነው የጨነገፉት። ፍየልና ላምም ከእሱ አያመልጡም ነበር። የእርስዎም ትኩሳት ቢሆን ዘገየ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሰውን የሚጥለው ከነካው ከ2 እስከ 6 ባለው ቀን ውስጥ ነው፤ ቀላሉ ዓይነት ደግሞ ከ4 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ይለቃል። እየተወ የሚመለስ፣ ወገብና መገጣጠሚያ የሚቆረጥም ትኩሳት ከሁሉ በፊት ብሩሴላን ያስጠረጥረኛል፤ የከብት ውርጃ በሽታ የምንለውን። ክላሚዲያና ኪው ፊቨር የሚባሉትም በጎችን በመጨረሻው ወር ያስጨነግፋሉ፤ ወደ ሰውም ይሻገራሉ። ሦስቱም ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒት አላቸው። ለብሩሴላ ግን ሐኪሙ የሚያዝዘው ሳምንታት የሚወሰድ ነው፤ ተሽሎኛል ብለው አያቋርጡት።

የስምጥ ሸለቆውን ትኩሳት ያስፈራው ምንድን ነው ቢሉ፣ ከታማሚዎቹ ጥቂቱ ላይ የሚያደርሰው ነው። ከ100 ሰው እስከ 2 በሚደርሱት ላይ ትኩሳቱ ከጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ዓይን ያደበዝዛል። ከ100 ከ1 በማይሞሉት ላይ አንጎል ይነካል ወይም ደም ያስፈስሳል። ደም ከሚፈስሳቸው ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ስለዚህ ድድ መድማት፣ ደም መትፋት፣ የሠገራ መጥቆር፣ የዓይን ቢጫነት ወይም ብዥታ ከመጣ ጤና ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

በሽታው የትኛውም ይሁን፣ ገብቶብዎ ከሆነ የገባው በዚያው በር፣ በእጅዎ ነው። እኔ እጄ ትንሽ ስለሆነች በግ ስታምጥ ከወንዶቹ ባልደረቦቼ ይልቅ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ከኤፍራታና ግድም እስከ መንዝ ባለው አገር ስዞር «ጓንት ሳላደርግ አልነካም» ባልኩ ቁጥር ፊቱን ያጠቆረብኝ ባለቤት ብዙ ነው። «ተጠየፈችን» ይላሉ። «እናቶቻችን በባዶ እጃቸው አዋልደው ምን ሆኑ?» ይላሉ። እናቶቻችን ስንት ክረምት ወገቤን እያሉ፣ ያተኩሳቸው እያለ፣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ እየተጨመቀላቸው እንደከረሙ ግን ማንም አላሰበውም።

ጓንት ካልተገኘ ያልተቀደደ ወፍራም ፌስታል ሁለት ደርበው አንጓዎ ላይ ይሰሩት። ከጨረሱ በኋላ እስከ ክርንዎ በሳሙና ይታጠቡ፤ የፈሰሰበትን መሬት በበረኪና ያርሱት። ጭንጋፉንና እንግዴ ልጁን ውሻ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፤ ኖራ ከተገኘ ይነስንሱበት። ወንዝ ውስጥ መጣልን አደራ! ከታች ያለው ሰው ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚያጠጣው በዚያው ውሃ ነው። የጨነገፉትን ለብቻ ያቆዩአቸው። በቤት ነፍሰ ጡር ካለች በጎቹ አጠገብ ጭራሽ አትድረስ፤ ከላይ የጠራኋቸው በሽታዎች ለፅንስ አይበጁም።

ሰንበቴ ወስዶ መሸጡን አልስማማበትም። ሰንበቴ የተሸጠች በግ በማግሥቱ አፋር፣ በሦስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ልትገኝ ትችላለች። ገዢዋም እንደ እርስዎ በባዶ እጁ ያዋልዳታል። ብሩ እንደሚያስፈልግዎ አውቃለሁ፤ አራት ግልገል ቀላል ኪሳራ አይደለም። ግን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርተው ከጨነገፉትም ካልጨነገፉትም ደም ያስወስዱ። ናሙናው ኮምቦልቻ ወይም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላካል። «ብንናገር ገበያ ይዘጋብናል» የሚለውንም ወሬ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው ከአፍሪካ ወጥቶ ሳውዲ ዐረቢያና የመን ሲገባ ሳውዲ ለአፍሪካ ቀንድ እንስሳት በሯን ዘግታ ነበር፤ አርቢው ተጎድቷል፣ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ያን ጊዜ ገበያ የተዘጋው አንድ አርሶ አደር ለወረዳው ስለተናገረ አይደለም። ሳይነገር የቀረ በሽታ ነው ሩቅ የሚሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በየመንደሩ እየዞረ በአንድ መርፌ የመንደሩን በግ ሁሉ የሚወጋ ሰው ቢመጣ ያሰናብቱት። መርፌው ከታመመችው የወሰደውን ደም ለጤነኛዋ ይሰጣል፤ ቢምቢ እንኳ ያን ያህል አትፈጥንም። ለስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የእንስሳት ክትባት አለ፤ የሚሰጠው ግን ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ነው። ለሰው ገበያ ላይ የዋለ የለም።

ወተቱን ያፍሉት። ሲገነፍል ካዩት በኋላ ልጆቹ ይጠጡ፤ ጥሬውን ግን ለማንም አይስጡ። የግመል ወተት ከቆላ ሲመጣልዎም እንዲሁ ያድርጉ፣ ባለቤቱ ቢቀየምም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በበዓል ሰሞን ቤት ለቤት እየዞርኩ በግ በማረድ የኪስ ገንዘብ አገኛለሁ። የእኛ ከተማ ብርድ ቢምቢ አያኖርም። እንደ ስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ያለው የቆላ በሽታ እኔን ምን ያገባኛል ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬ ነበር። ልክ አይደለሁም?

መልስ፦ ስለ ቢምቢው ልክ ነህ ልጄ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እነዚህ ቢምቢዎች እንደ ቆላው አይፈሉም፤ በደብረ ብርሃን ቢምቢ ወረርሽኝ ይነሣል ብዬ አላስፈራራህም። ግን በጉ እንዴት መጣ? ለፋሲካ በአይሱዙ ተጭኖ ከቆላ የሚወጣው በግ ጣርማ በርን ለማለፍ የሚፈጅበት ሰዓታት ነው፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚቆየው ደግሞ ቀናት። ብርዱ ቢምቢዋን ይገድልልሃል፤ ቢላህ ላይ ያለውን ደም ግን አይነካውም። ግብፅን እ.ኤ.አ. በ1977 የመታው ወረርሽኝ 600 የሚጠጋ ሰው ገድሏል። እዚያም ለቫይረሱ መግቢያ ከሆኑት አንዱ ከውጭ የገባ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይጠረጠራል።

የአራጆችን ልማድ ስለማውቅ ልምከርህ። መጀመሪያ ቢላህን በጥርስህ መንከስ ተው። ቆዳው እንዲላቀቅ እግሯን በስተህ በአፍህ የምትነፋውንም ተው፤ የብስክሌት መንፊያ ብትጠቀም ባለቤቶቹ ይስቁብህ ይሆናል፣ ይሳቁ። እጅህ ላይ ቁስል ካለ በፕላስተር ሸፍነህ ጓንት አድርግ፤ ከሌለህ የዚያን ቀን ገበያ እለፈው። ልጆች ተከበው ሲያዩ ደሙ እንዳይረጫቸው አርቃቸው። ደሙን ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው እንጂ ግቢ ላይ ውሃ ደፍተህ አትበትነው።

ሳታርድ በፊት በጉን እየው። ጆሮው የወደቀ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ከአፍንጫው ደም የቀላቀለ ንፍጥ የሚወርደው ወይም ደም የሚያስቀምጠው ከሆነ አትረድ። ባለቤቱ «ሳይሞት ቶሎ በለው» እያለ የሚያጣድፍህ በግ ዋና ጠላትህ ነው። ሞቶ የተገኘ፣ ከአፍንጫው ወይ ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም የሚወርደውን ደግሞ በፍጹም አትክፈተው፤ ያ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ የእሱ ነገር ከዚህም ይብሳል።

ምንም እንኳ ባትጠይቀኝም አራጅ ጉበት በጥሬው እንደሚቀምስ አውቃለሁና እሱንም ልንካው። ይህ ቫይረስ ከሁሉ በላይ የሚበዛው ጉበት ላይ ነው። ሙቀት ይገድለዋል፤ ሚጥሚጣ ግን አይገድለውም። ዱለቱንም ለብ ለብ ሳይሆን ደህና አድርገህ አብስለው። ይህን ብዬ የምነግራቸው የገዛ ወንድሞቼ እንኳ ሰምተውኝ አያውቁም፤ አንተ የተማርክ ነህና ምናልባት።

ጥያቄ፦ ምንጃር ነው የምኖረው። የአንዱ በሬዬ ገላ ሁሉ ጉብ ጉብ ብሎ አበጠ። የሰፈሩ ሰው ይህም በቢምቢ ነው ይላል። ወደ እኛ ይተላለፋል? ከእሱ ጋር የሚውል ኮርማ አለኝ፤ ጎረቤቶቼ ለላሞቻቸው ሊወስዱት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደገለጹት ከሆነ ጉርብርብ ነው፤ የከብት ቆዳ በሽታ። እሱም ቫይረስ ነው፤ ተናካሽ ዝንብና ቢምቢ ያዛምቱታል። ግን ከላይ ካነሣሁት ከስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ጋር አያምታቱት። ይህኛው ቢምቢዋ ውስጥ ገብቶ አይራባም፤ በአፏ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ። ሰውን አይዝም፤ ልጆችዎን ከበሬው አያርቋቸው። በአገራችን ከታየ ቆይቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ገና ያላበጡትን ከብቶች ቶሎ ያስከትቡ። የታመመው ለብቻው ይዋል፣ እበቱ በየጊዜው ይጠረግ፣ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ፤ ቁስሉ ከመገለ አንቲባዮቲክ የሚያዝዘው ባለሙያ ነው፣ ከገበያ ገዝተው አይውጉት።

ኮርማውን አያውሱ። ምንም ምልክት ባይታይበት እንኳ ቫይረሱ በዘሩ ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ባለሙያ መርምሮ «ይሂድ» እስኪልዎ ድረስ ጎረቤቶችዎ ሌላ ኮርማ ይፈልጉ።